የቤቱ ስልክ የት ገባ? የቤት ስልክን፣ ሞባይልንና ዋይፋይን በአንድ መሣሪያ ስለመጠቅለል

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ስድስት ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። አባት የ09 ቁጥር አለው፤ እናትም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ አላት፤ አንዱ 09፣ ሌላው 07። የዕለቱ ጥቅል በየትኛው እንደረከሰ እያየች ትቀያይራለች። ታናናሾቿ የራሳቸው ሲም ስለሌላቸው እሷ ሆትስፖት እስክትከፍት ይጠብቃሉ። ሳሎኑ ጥግ ላይ ደግሞ በዳንቴል የተሸፈነ፣ ቁጥሩ በ046 551 የሚጀምር የሽቦ ስልክ ተቀምጧል። ካነሱት ስለቆዩ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

እንዲህ ባለ ቤት አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ለምን ሁሉንም በአንድ መሣሪያ አንጠቀልለውም? አንድ ሲም፣ አንድ ክፍያ፣ አንድ ቻርጀር። ሲደወል የሚጮህ፣ ለቤቱ ሁሉ ዋይፋይ የሚያድል፣ ሲያስፈልግም ተነቅሎ ወደ ገጠር ቤተሰብ የሚወሰድ። ቴክኒኩን ብቻ ካየን መልሱ ቀላል ነው፤ ይቻላል፣ መሣሪያውም ገበያ ላይ አለ። የሚያስቸግረው ሦስቱ አገልግሎቶች የተለያየ ባለቤት ያላቸው መሆኑ ነው። የቤት ስልክ የቦታ ነው። ሞባይል የሰው ነው። ዋይፋይ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት የተገኘ ሁሉ የሚካፈለው ነው። በእኔ እምነት የቤቱን ስልክና ዋይፋዩን ማጋባት ብልህነት ነው፤ የግል ሞባይልን እዚያ ውስጥ መክተት ግን ኋላ የሚቆጭ ነገር ያመጣል። ለምን እንደሆነ ለማየት ከሽቦው መነሳት ይሻላል።

የሽቦ ስልክ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው አንድ ጸጋ ነበረው፤ የቤት መብራት አይፈልግም። ከቴሌ ማዕከል የሚመጣው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ድምፅ ብቻ ሳይሆን 48 ቮልት ገደማ የሚሆን ኤሌክትሪክም ይዞ ይመጣል። ማዕከሉ የራሱ ባትሪዎች ስላሉት ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞም ስልኩ ይጮሃል። ሁለተኛው ጸጋ ቁጥሩ ከቦታው አለመንቀሳቀሱ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ስልክ ቁጥሮች ወደ አሥር አሃዝ ሲያድጉ፣ 046 ከሻሸመኔና ከሐዋሳ ጀምሮ ወደ ደቡብ ላለው ሰፊ አካባቢ ተሰጠ፤ ቀጥሎ የሚመጣው 551 ሶዶን ይጠቁማል። የከተማው መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች እስከ ዛሬ በማኅተማቸውና በታፔላቸው ላይ ይህን ቁጥር የሚያሰፍሩት ሠራተኛ ቢቀያየርም ቁጥሩ ስለማይቀየር ነው።

ለቤተሰብም ትርጉሙ ይኸው ነበር። ወደ ቤት ስልክ የሚደውል ሰው የሚፈልገውን ሰው ባያገኝ እንኳ አንድ ሰው ያገኛል። በመስከረም፣ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲደርስ፣ አዲስ አበባም ወንጂም ያለው የወላይታ ልጅ የሚደውለው ለአባት ቤት እንጂ ለአንድ ግለሰብ አልነበረም፤ መነጋገሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም ተራ በተራ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። ሞባይል ይህን ሥርዓት በታትኖታል። ኢትዮ ቴሌኮም ከ70 ሚሊዮን በላይ የሞባይል ደንበኛ ሲኖረው የመስመር ስልክ ደንበኛው አንድ ሚሊዮን አይሞላም። በቁጥር የተሸነፈው የሽቦ ስልክ ነው፤ ይሠራው የነበረው ሥራ ግን ሠራተኛ አጥቶ እንደቆመ ነው።

ማጣመር አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ያኔ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ይባል የነበረው ድርጅት ሽቦ ለመዘርጋት የማይመቹ ቦታዎችን ለመድረስ ሲዲኤምኤ የሚባለውን ገመድ አልባ ቴክኖሎጂ አስገብቶ ነበር። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መሣሪያውን ነው፤ መልኩ የጠረጴዛ ስልክ፣ ኋላው ላይ አጭር አንቴና፣ ውስጡ ባትሪ። ለተጠቃሚው የቤት ስልክ ይመስላል፤ ውስጡን ለሚያውቅ ግን ሞባይል ነበር። የድምፁ ጉዞ በአየር ነው፣ ባትሪው ለሰዓታት ያቆየዋል፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስም ተነቅሎ ሌላ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያው ቴክኖሎጂ ቤተሰብ ኢቪዲኦ የሚባል የተሻለ ፍጥነት ያለው ኢንተርኔት መጣ፤ ኮምፒውተር ጎን ላይ የምትሰካዋ ዶንግል የብዙ ቢሮ ጌጥ የሆነችው ያኔ ነው።

እንግዲህ ገመድ አልባ የቤት ስልክም፣ ተንቀሳቃሽ ኢንተርኔትም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በእጃችን ነበሩ። አልተጋቡም እንጂ። ስልኩ ዋይፋይ አይሰጥም፣ ዶንግሉ አይደወልበትም። 3ጂ እየሰፋ ሲመጣ ሲዲኤምኤ ቀስ በቀስ ተተወ፤ ያ የጠረጴዛ ስልክም አብሮ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ይህን ታሪክ የማነሳው ለትዝታ አይደለም። መሣሪያው አንድ ነገር አሳይቶን ነበር፤ አንድን ስልክ የቤት ስልክ የሚያሰኘው ሽቦው ሳይሆን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ የማይጠፋ መሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ አለመሞቱና ለቤተሰቡ ሁሉ ክፍት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጋብቻ በሽቦው ላይ የተፈጸመው ነው። ኤዲኤስኤል አንዱን የመዳብ ሽቦ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርትዝ በታች ባለው ጠባብ ክፍል ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ባለው ሰፊ ክፍል። ግድግዳ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ማጣሪያ ሁለቱን ትለያለች። ድክመቱ ርቀት ነው፤ ከማዕከሉ በራቅህ መጠን ፍጥነቱ ይወድቃል፣ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ላይ የተረፈው ጥቂት ነው። በኋላ የመጣው ፋይበር የርቀቱን ችግር ፈታ፤ በምትኩ የሽቦውን ትልቅ ጸጋ ወሰደ። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ቤት የሚተከለው ሳጥን ከግድግዳ ሶኬት ይመገባል፤ መብራት ሲሄድ ስልኩም ኢንተርኔቱም አብረው ይሄዳሉ።

የአሁኑ ምርጫ ሲም የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ነው። ከኋላው ኮምፒውተር የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዳንዱ ሞዴል ከእነሱ ጎን አነስ ያለች ሌላ ቀዳዳ አለችው። እሷ የስልክ ናት። የድሮውን የሽቦ ስልክ ብትሰካባት በሲሙ ቁጥር ይደወላል፣ ይቀበላል። በአሜሪካ ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ የሽቦ ስልካቸውን ለመተው ለፈለጉ ቤቶች ተመሳሳይ ሳጥን ሸጠዋል፤ እዚያ ደንበኛው የድሮውን የቤት ቁጥር ይዞ መሄድ ስለሚችል ደዋዩ ለውጡን እንኳ አያውቅም። እዚህ ሲም የገባበት ሳጥን የሚይዘው የሲሙን ቁጥር ነው፤ 09 ወይም 07 እንጂ 046 አይሆንም። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ኋላ እንደምናየው ትልቅ ጣጣ አለው።

ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ አያነሱትም። 4ጂ ሲሠራ ለዳታ ተብሎ ነው የተሠራው፤ እንደ ድሮው ኔትወርክ ለድምፅ የተለየ መንገድ የለውም። ድምፅን በ4ጂ ላይ የሚያስኬደው ቮልቲ የሚባለው አሠራር ሲሆን፣ እሱም የሚሆነው ኔትወርኩም መሣሪያውም ሲፈቅዱ ነው። ካልፈቀዱ ሳጥኑ ስልክ በተደወለ ቁጥር ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ያን ጊዜ ልጅቷ በኢንተርኔት ፈተና ላይ ሆና አያቷ ጋ ስልክ ቢመጣ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል ወይም ቀጥ ይላል። የወላይታ አያት የስልክ ጨዋታ ደግሞ አጭር አይደለም። የስልክ ቀዳዳ አለው መባሉ ብቻ አይበቃም ማለት ነው፤ እየተነጋገሩ ኢንተርኔቱ መሥራት አለመሥራቱን ሱቁ ውስጥ ማየት ይገባል።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ፤ ሶዶ ላይ የነገሩ ሁሉ መክፈቻ ይኸው ነው። የሚገርም ነገር አለ። ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ሸለቆ ላይ ግልገል ጊቤ 3 ተተክሏል፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለጎረቤት አገር ኃይል ይሸጣል። ይህ ሁሉ እያለ በዚያው ከተማ ሻማ የሚገዛ ቤት አለ። ምክንያቱ የማመንጫ እጥረት ብቻ አይደለም። ኃይሉ ከግዙፉ መስመር ወደ ሰፈር ትራንስፎርመርና ወደ እንጨት ምሰሶ ሲወርድ መንገዱ ይደክማል፤ ዝናብ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ይበጥሰዋል። ሁለቱ አንድ ሥርዓት ቢመስሉም የጥገና ዓለማቸው የተለያየ ነው፤ የቤት መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ማሰብ ያለበት ስለ ምሰሶው እንጂ ስለ ግድቡ አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። የተለመደ የቤት ራውተር አስማሚው ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር የሚል ይጻፍበታል፤ ያ ጣራው ነው፣ በተግባር የሚበላው ወደ 6 ዋት ይጠጋል። ራውተር የሚያቆሙት ትንንሽ የባትሪ ሳጥኖች 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢሉ፣ በውስጣቸው ያለው የ3.7 ቮልት ባትሪ ስለሆነ ጉልበታቸው 32.5 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቮልቱን ወደ 12 ከፍ ሲያደርጉ ጥቂት ይባክናል። 27 ዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል፤ ለ6 ሲካፈል አራት ሰዓት ተኩል። ማታ 12 ሰዓት የጠፋ መብራት 5 ሰዓት ድረስ ካልመጣ ቤቱ ከዓለም ተቆረጠ። የሽቦው ስልክ እንዲህ አልነበረም።

ሚፋይ በዚህ ረገድ ይሻላል። ኪስ የምትገባዋ ሳጥን ራሷ ባትሪ አላት፤ የምትበላው 2 ወይም 3 ዋት ነው። 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የያዘች ከሆነ አራት አምስት ሰዓት ትሄዳለች፤ 20,000 የሚል እውነተኛ ፓወርባንክ ብትጨምርላት እስከ ማግስቱ ምሽት ትደርሳለች። እውነተኛ የሚለው ቃል ላይ ትኩረት ይሰጥ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው ጉልበት የማይተዋወቁበት ፓወርባንክ ሞልቷል። ሚፋይ ግን የስልክ ቀዳዳ የላትም፣ አትጮህም፣ አንቴናዋም ትንሽ ስለሆነ ምልክት በደከመበት ቤት ቶሎ ትሸነፋለች።

ምልክት ደግሞ ሶዶ ላይ በሰፈር ይለያያል። ከተማዋ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ ተዘርግታ ወደ ታች ትወርዳለች። የሞባይል ሞገድ ኮረብታ አይዞርም ባይባልም ሲዞር ይደክማል፤ አንድ ሰፈር የኔትወርክ ምሰሶውን ፊት ለፊት እያየ ሌላው በኮረብታ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ድግግሞሹ ከፍ ያለው ሞገድ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይፈራል፤ ዝቅ ያለው ርቆ ይሄዳል፣ ግን የሚሸከመው ያንሳል። የቤት አሠራራችንም የራሱን ይጨምራል። የጭቃ ግድግዳ ብዙ አይከለክልም፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር ግን ሞገዱን መልሰው ይወረውሩታል። ጣሪያውም ዙሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ውስጥ ራውተሩን መሐል ላይ አስቀምጦ ኔትወርክ የለም ብሎ ማማረር ልክ አይደለም፤ መስኮት ዳር ቢቀመጥ ሌላ መሣሪያ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሳጥኑ ራሱ ይረዳል። አብዛኞቹ ራውተሮች በስልክ ማሰሻ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ተብሎ ሲገባ የሚከፈት የራሳቸው ገጽ አላቸው። እዚያ ውስጥ አርኤስአርፒ የሚል ቁጥር ይታያል፤ በዲቢኤም ይለካል፣ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ከ-85 ይልቅ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ-110 በታች ሲወርድ ችግር አለ። መሣሪያውን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ ይህን ቁጥር ማየት ቴክኒሻን ከመጥራት ይቀድማል። አምስቱ የምልክት መስመሮች ሞልተው ኢንተርኔቱ ከዘገየ ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ርቀት አይደለም፤ ሰው በዝቷል ማለት ነው። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሁሉም ቤት ገብቶ ስልኩን ሲከፍት አንዱ ምሰሶ ለሁሉም ይካፈላል። ስለዚህ የሚገዙትን መሣሪያ በረፋድ ሳይሆን በዚያ ሰዓት መሞከር ያስፈልጋል።

ሌላው የማይታይ ወጪ ዳታው ነው። ስልኮቻችን ዋይፋይ ሲያገኙ በነፃ ያገኙት ይመስላቸዋል፤ የተሠሩት ዋይፋይ ማለት የማያልቅ ኢንተርኔት በሆነበት አገር ነው። ወዲያው መተግበሪያዎቻቸውን ያድሳሉ፣ ፎቶ ወደ ላይ ይልካሉ፣ ቪዲዮውን በከፍተኛ ጥራት ይከፍታሉ። ሲሙ ውስጥ ያለው ግን የተለካ ጥቅል ነው። የድምፅ ጥሪ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ሲደረግ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት፣ ከፍተኛው ደግሞ ከሁለት ጊጋባይት በላይ ይጠጣል። ለወር የታሰበ ጥቅል ስድስት ስልክ በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሰው ይችላል። መድኃኒቱ አለ፤ በእያንዳንዱ ስልክ የዋይፋይ መቼት ውስጥ ገብቶ ይህ ግንኙነት የተለካ ነው ብሎ መንገር ነው። አንድ ጊዜ የሚደረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያደረገው ቤት ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ፤ የግል ሞባይሉ ለምን ውጭ ይቅር?

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በኋላም ኤም-ፔሳ ከገባ፣ የስልክ ቁጥር መደወያ ብቻ መሆኑ አብቅቷል። ደመወዝ የሚገባበት፣ የመብራት ሂሳብ የሚከፈልበት፣ ዘመድ ብር የሚልክበት ሆኗል። የባንኮች ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአጭር መልእክት ነው። የፋይዳ መታወቂያም ማረጋገጫውን የሚልከው ወደዚያው ስልክ ነው። ቁጥሩ የሰውየው ቦርሳና ማኅተም ሆኗል ማለት ይቻላል። እንግዲህ አባት ቁጥሩን አውጥቶ ሳሎን ካለው ራውተር ውስጥ ቢከተው ምን ይሆናል? አጭር መልእክቱ የሚገባው ራውተሩ ውስጥ ነው፤ የሚነበበው በዚያው 192.168 በሚለው ገጽ ነው። አንዱ ባንክ የላከው ማረጋገጫ ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ከሆነ፣ ማን ገጹን ከፍቶ ይደርስበታል? ይባስ ብሎ የራውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሁሉ፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ የአባወራውን የገንዘብ መልእክት ማንበብ ይችላል። ብዙ ራውተር ደግሞ ከፋብሪካ የወጣበት የይለፍ ቃል ሳይቀየር ነው የሚቀመጠው።

ተቃራኒውም ያው ችግር አለው። ዛሬ በብዙ ቤት የቤተሰቡ ራውተር የአንዱ ልጅ ስልክ ነው። ሆትስፖቱ ሲከፈት ይውላል፣ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው በዓመቱ ያረጃል፤ ልጅቷ ወደ ግቢ ስትሄድ የቤቱ ኢንተርኔት አብሯት ይወጣል። ቤቱ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። አንድ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ቦታ የለውም እንጂ።

ስለዚህ ለቤቱ የራሱ ሲም ይውጣለት ነው የምለው። ለዚያ ደግሞ ውድ ሳጥን መግዛት ግድ አይደለም፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ዋጋው በናረበት ጊዜ። ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ግን የሚሠራ የ4ጂ ስልክ አለ። ያን ስልክ አንሥቶ ሶዶ ካሉት ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ባትሪውን ማስቀየር፣ አዲስ ሲም ማስገባት፣ ምልክት በሚሻልበት መስኮት ዳር ማስቀመጥና ሆትስፖቱን ክፍት መተው ነው። ይህ የቤት ስልክ ነው፣ ይጮሃል። ዋይፋይ ነው፣ ስምንት አሥር ስልክ ያገናኛል። አጭር መልእክት በስክሪኑ ላይ ይነበባል። ባትሪው ውስጡ ነው። በቤቱ ቁጥር ኢሞ ወይም ዋትስአፕ ቢከፈትለት ደቡብ አፍሪካ ወይም ዓረብ አገር ያለው ልጅ እናቱን በቪዲዮ የሚያገኝበት የታወቀ ቦታ ይኖረዋል፤ እናቲቱ የራሷ ስማርትፎን ባይኖራት እንኳ። ለቅሶ ሊደርሱ ከሶዶ የወጡ እንደሆነም ተነቅሎ ቦዲቲ ወይም አረካ አብሮ ይሄዳል።

ጉድለት የለውም አይባልም። ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የሚውል ስልክ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል፤ መቼቱ ውስጥ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም አማራጭ ካለ መክፈት፣ ከሌለ ቀን ቀን መንቀል ይገባል። ያበጠ ባትሪ ቀልድ አይደለም፤ ትራስ ወይም መጋረጃ ጥግ አይቀመጥም። ሆትስፖቱ ማንም ሳይጠቀምበት ሲቆይ ራሱን እንዳያጠፋ መቼቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። ቤቱ ትልቅ ከሆነ፣ ወይም በርካታ ኮምፒውተር የሚሠራበት ንግድ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለው ዘዴ አያዋጣም፤ እዚያ ፋይበር የደረሰበት ፋይበር ያስገባ፣ ያልደረሰበት ውጫዊ አንቴና የሚቀበል ራውተር ይግዛ። 4ጂ ባልደረሰባቸው የዞኑ ቀበሌዎች ደግሞ ስለ ዋይፋይ ሳጥን ማውራት ጊዜው ገና ነው፤ ለእነዚያ ጥሩ ባትሪ ያለው ተራ ስልክ ለቤቱ መመደብ ይበቃል።

የቤቱ ሲም በማን ስም ይውጣ የሚለው ጥያቄ ከመሣሪያው ምርጫ ይበልጣል። ቁጥር በሕግ የሚታወቀው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ልጅቷ ለቀላልነቱ ብላ በስሟ ብታወጣው፣ ነገ አግብታ ወይም ሥራ ይዛ ስትሄድ የቤቱ ቁጥር አብሯት ይሄዳል፤ ሲሙ ቢጠፋ ማስመለስ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ከቤቱ የማይንቀሳቀሰው ሰው ስም ላይ ይውጣ። በዚህ ቁጥር ቴሌብር ባይከፈት ይመረጣል፤ ሁሉም የሚያነሳው ስልክ የገንዘብ ማስቀመጫ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ ያልተሞላ ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ስለሚችልም ማንም ባይጠቀምበት በየጊዜው ካርድ ይሞላበት።

የሽቦው መስመር አሁንም ሕያው ከሆነ በአንድ ቀን መቁረጥ አያስፈልግም። 046 551 የሚለው ቁጥር በስንት ዘመድ ደብተርና በስንት ሰነድ ላይ እንደሰፈረ ማንም አያውቀውም። መስመሩ ጥሪ የማስተላለፍ አገልግሎት ስላለው ወደ አዲሱ የቤት ሲም አዙሮ ጥቂት ወራት መቆየት ይቻላል፤ የተላለፈው ጥሪ በቤቱ ሂሳብ ላይ እንደሚቆጠር ግን ይታወቅ። በእነዚያ ወራት የሚደውለው ማን እንደሆነ ሲታይ መስመሩ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው በራሱ ይለያል። ደዋዩ ሁሉ አዲሱን ቁጥር ከያዘ ሽቦው ሥራውን ጨርሷል።

የወር ክፍያውን ማን ይሸፍን? ጥቅሎቻችን በቀንና በሳምንት የተቆራረጡ፣ ለአንድ ሰው ኪስ የተሰፉ ናቸው፤ ለስድስት ሰው የሚሆነው የወር ጥቅል በአንድ ጊዜ የሚያስወጣው ብር ይከብዳል። ቁጥሩ የአባት ቢሆን ክፍያው የአባት ብቻ ይሆን ነበር። የቤቱ ሲሆን ግን አዲስ አበባ ያለው ልጅ ከራሱ ስልክ ሆኖ ለቤቱ ቁጥር ጥቅል መግዛት ይችላል፤ ወንድሙ የሚቀጥለውን ወር ይይዛል። ለእናት የሚላክ ብር በሌላ ጉዳይ ሊጠፋ ይችላል፤ በቀጥታ ለቁጥሩ የተገዛ ጥቅል ግን ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም፣ የገዛውም ልጅ በዚያው ምሽት ደውሎ መግባቱን ያረጋግጣል።